«60 ሊትር ቦርሳ» የሚለው መስመር ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የተራራ ጉዞ ጥሪ ይበዛል። የእናንተም የጉዞ ገጽ ወደ ስሜንና ወደ ባሌ የሚወጡ ቡድኖችን ማስታወቂያ ያስተናግዳል፤ የአገር ልጅ አገሩን በእግሩ ማየት መጀመሩ የሚያስደስት ነው። ከጥሪው ሥር ግን «ይዛችሁ የምትመጡት» የሚል ዝርዝር ይከተላል፤ ከዝርዝሩም አንድ መስመር አይጠፋም፦ «60 ሊትር የጀርባ ቦርሳ»። ለአጭሯም ለረጅሙም፣ በቅሎ ለሚከራየውም ሁሉን በራሱ ለሚሸከመውም ያው 60 ሊትር ነው። ሰውም ዝርዝሩን ይዞ መርካቶ ይወርዳል፣ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቦርሳ ተከራክሮ ይገዛል፣ በሁለተኛው የጉዞ ቀን ትከሻው ይላላጣል ወይም እጁ ይደነዝዛል።

ይህ ደብዳቤ ለዚያ መስመር እርማት ነው። ሊትር የሚናገረው ቦርሳው ስንት ዕቃ እንደሚይዝ ብቻ ነው። ዕቃውን ገላችን እንዴት እንደሚችለው የሚወስኑት የጀርባ ርዝመትና የወገብ ቀበቶ ናቸው። ከሁለቱም በፊት ደግሞ ሸክሙ የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ከዚህ እንጀምር። ስሜን የሚሄድ ሰው ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፣ ስካውት የሚባል የፓርክ አጃቢ ይመደብለታል፣ ከፈለገም በቅሎ ከነባለቤቱ ይከራያል። ባሌም ዲንሾ ላይ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ጭነቱን የሚወስደው ፈረስ መሆኑ ነው። በቅሎ ወይም ፈረስ ካለ ድንኳኑ፣ ስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ)፣ ምግቡና ማብሰያው ሁሉ በእንስሳው ጀርባ ይሄዳል። በሰው ጀርባ የሚቀረው ውኃ፣ የምሳ ስንቅ፣ የዝናብ ጃኬት፣ አንድ ወፍራም ሹራብ፣ ኮፍያና ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ መድኃኒት፣ ስልክና ካሜራ ነው፤ ተደምሮ ከ5 እስከ 7 ኪሎ። ለዚህ ከ25 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ፣ የወገብ ቀበቶ ያለው ቦርሳ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ግማሽ ያህል ብቻ የተሞላ የ60 ሊትር ቦርሳ ዕቃው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ በየእርምጃው ይወዛወዛል፣ ገደል ጠርዝ ላይ ደግሞ ነፋሱ ይመታዋል።

በተቃራኒው «በቅሎ አለልኝ» ብሎ የተማሪ ቦርሳ ይዞ መውጣትም አደጋ አለው። በስሜን እግረኛው ከግጭ ሰፈር ተነስቶ በ3,926 ሜትር ላይ ወዳለው የእሜት ጎጎ ጫፍ ሲዞር በቅሎዎቹ ብዙ ጊዜ በአጭሩ መንገድ ወደሚቀጥለው ሰፈር፣ ወደ ጨነቅ ይሄዳሉ። ሰዓታት ሙሉ ከጭነቱ ተለያይታችሁ ትቆያላችሁ። ደመናው ከቆላው ወጥቶ ገደሉን ሲሸፍነውና በረዶ ሲወርድ የዝናብ ልብሱ በበቅሎው ላይ ከሆነ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሙቀትና ደረቅ ገላ የሚጠብቅ ነገር ሁሉ በራሳችሁ ጀርባ ይሁን፤ ቦርሳውም ለዚህ የሚሆን ቦታ ይኑረው።

በበቅሎ የሚጫነውን ዕቃ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ በውድ የተገዙ ቦርሳዎች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነውና። ባለበቅሎው ጭነቱን በገመድ አጥብቆ ነው የሚያስረው፤ ማጥበቅም አለበት። ገመዱ በቦርሳው ጀርባ ውስጥ ያለውን የአሉሚኒየም ዘንግ ያጎብጣል፣ የወገብ ቀበቶውን ክሊፕ ይሰብራል፣ የተንጠለጠለ ማሰሪያ ካለም ቁጥቋጦ ይይዘዋል። ለበቅሎ የሚመቸው ዘንግ የሌለው ረዘም ያለ የሸራ ሻንጣ ነው። ያላችሁ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ከሆነ ቀበቶውን ወደ ኋላ አዙራችሁ በራሱ በቦርሳው ላይ ቆልፉት፣ ማንገቻዎቹን አጥብቃችሁ አሳጥሩ፣ ከዚያ ሙሉውን በትልቅ ማዳበሪያ ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩት። ማዳበሪያው ከገመድም፣ ከላብም፣ ከአቧራም ያድነዋል።

እንስሳ ለማይከራይ፣ ሁሉን ራሱ ለሚሸከም ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። ለሦስት ቀን ጉዞ ሁለት ሰዎች አንድ ድንኳን ተጋርተው ቢወጡ ለአንዱ የሚደርሰው ይህን ይመስላል። ባዶው ቦርሳ 1.8 ኪሎ፣ የድንኳኑ ግማሽ 1.3፣ ለብርድ የሚሆን ስሊፒንግ ባግ 1.7፣ ምንጣፍ ስፖንጅ 0.5፣ ቅያሪና የሙቀት ልብስ 2.2፣ የሦስት ቀን ደረቅ ምግብ 2.2፣ የማብሰያው ድርሻ 0.6፣ ውኃ 2.5፣ ባትሪ፣ መድኃኒትና ጥቃቅኑ 1 ኪሎ። ድምሩ 13.8 ኪሎ ይመጣል። በዘርፉ የተለመደው መመሪያ ለአዳር ጉዞ የሸክሙ ክብደት ከሰውነት ክብደት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 14 ኪሎ ማለት ነው፣ አፍ ለአፍ ገጥሟል። 55 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ ግን ጣሪያው 11 ኪሎ ነው። እሷ ከጓደኛዋ እኩል ትሸከም ማለት ልክ አይደለም፤ የሱ ክብደት የሚፈቅድ ከሆነ ድንኳኑን፣ ማብሰያውንና የምግቧን ግማሽ እሱ ይውሰድላት፣ ካልሆነ በቅሎ ይከራዩ። ከፍታውም መረሳት የለበትም። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀላል የመሰለ ሸክም በባሌው የሳነቴ አምባ ላይ ትንፋሽ ያሳጣል።

ምግቡን ቀላል ለማድረግ እኛ ከማንም የተሻለ ስንቅ አለን። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ውኃ የሌላቸው፣ የማይበላሹ፣ ለክብደታቸው ብዙ ጉልበት የሚሰጡ ናቸው። የታሸገ ዓሣና ባቄላ ግን ቆርቆሮውንም መረቁንም ያሸክማል።

ሊትሩን ደግሞ ሳትገምቱ ለኩት። ቦርሳ መገዛት ያለበት ከሌላው ዕቃ ሁሉ በኋላ ነው። ዕቃችሁን ሰብስቡ፣ ስሊፒንግ ባጉን በከረጢቱ ጠቅጥቁት፣ ሁሉንም በካርቶን ውስጥ እንደ ቦርሳ አጥብቃችሁ ደርድሩ። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ1,000 አካፍሉ። 40 በ40 በ35 የሆነ ካርቶን ሞልቶ ከተገኘ 56 ሊትር ነው። ብዙ ቦታ የሚይዘው ስሊፒንግ ባጉ ነው። በስሜን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ወፍራሙ ያስፈልጋል፤ በሰው ሠራሽ ጥጥ የተሞላው ወፍራም ዓይነት ተጠቅጥቆም ከ15 ሊትር አያንስም። የላባው ግማሽ ያህል ቦታ ነው የሚይዘው፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው፣ ሲረጥብም ሙቀቱ ይጠፋል። ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ከ50 እስከ 60 ሊትር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። 75 እና 80 ሊትር የገዛ ሰው ትርፉን ቦታ ባዶ አይተወውም፣ በማያስፈልግ ዕቃ ይሞላዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ወደ ጀርባ ርዝመት። የጀርባ ርዝመት ከቁመት ጋር አንድ አይደለም። እኩል 1 ሜትር ከ75 የሆኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ረጅም እግር፣ ሌላው ረጅም ጀርባ ካላቸው ልዩነታቸው 5 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ይህም አንድ ሙሉ የቦርሳ ቁጥር ነው። አለካኩ ሁለት ሰውና አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይፈልጋል። ተለኪው ቀጥ ብሎ ይቁምና አንገቱን ወደ ፊት ያቀርቅር፤ አንገት ከጀርባ በሚጋጠምበት ቦታ ጎላ ብላ የምትወጣ አጥንት አለች፣ የሜትሩ ዜሮ እሷ ላይ ነው። ከዚያ ተለኪው እጆቹን ወገቡ ላይ ያድርግ፤ የዳሌውን አጥንት የላይኛውን ጠርዝ በመዳፉ ሲጫን ይሰማዋል፤ አውራ ጣቶቹን ወደ ኋላ ያድርግ። በሁለቱ አውራ ጣቶች መካከል በአግድም የሚሰመረው መስመር የልኩ መጨረሻ ነው። ሜትሩ የአከርካሪውን ጎብጥታ ተከትሎ ይውረድ እንጂ በአየር ላይ አይወጠር። ቀና ብሎ ቆሞ መለካት አለበት፤ ጎንበስ ካለ ጀርባው ይረዝማል።

ለአብዛኛው አዋቂ ውጤቱ ከ40 እስከ 52 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ፋብሪካዎች የየራሳቸው ሰንጠረዥ ቢኖራቸውም በግርድፉ ከ43 በታች ስሞል፣ ከ43 እስከ 48 ሚዲየም፣ ከዚያ በላይ ላርጅ ነው። አንዳንዱ ቦርሳ ጀርባው በቬልክሮ ወይም በደረጃ ደረጃ ማስገቢያ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ለሚዋዋሱ ጓደኛሞችና ገና ለሚያድጉ ልጆች ከዚህ የተሻለ የለም፤ ክብደቱ ግን ትንሽ ይጨምራል።

ልኩ ሲሳሳት የሚሆነውን ማወቅ ቦርሳ ሲሞከር ለመመርመር ይረዳል። ቦርሳው ከረዘመ ቀበቶው በትክክለኛው ቦታ ሲቀመጥ ማንገቻው ትከሻውን አይነካም፣ ከትከሻው በላይ ቀዳዳ ይቀራል፤ ሸክሙ ወደ ኋላ ይጎትትና ሰውየው ለማካካስ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፣ ማታ የሚያመው የታችኛው ወገቡ ነው። ቦርሳው ካጠረ ደግሞ ማንገቻው ሲጠብቅ ቀበቶው ከዳሌ ተነስቶ ሆድ ላይ ይወጣል፤ ሆድን ይጫናል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ክብደቱም በሙሉ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የእጅ መደንዘዝ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ማንገቻው በትከሻ በኩል ወደ ክንድ የሚያልፉትን ነርቮች ይጫናል። ይህ ምልክት ሲታይ «ይለምደኛል» ብሎ መቀጠል አይገባም፤ ሸክሙን አውርዶ ማንገቻውን ማላላትና ክብደቱን ወደ ወገብ መመለስ ግድ ነው።

ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ቦርሳ ሲያስመጡ ለዘመድ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ቀለሙና ሊትሩ ነው። ዘመድም «ረጅም ልጅ ነው» ብሎ ላርጅ ይገዛል፤ ቦርሳው ውቅያኖስ ተሻግሮ ከመጣ በኋላ መመለሻ የለውም። ሁለት ቁጥር ላኩ፦ የጀርባ ርዝመትና በዳሌ አጥንት ላይ የሚለካ የወገብ ዙሪያ፣ ሁለቱም በሴንቲ ሜትር። የካምፕ ጋዝ ቆርቆሮ አብሮ እንዲያመጣ ግን አትጠይቁት፤ አውሮፕላን ላይ በእጅም በሻንጣም ክልክል ነው።

የወገብ ቀበቶው የቦርሳው ግማሽ ነው። ልክ ሆኖ ሲታሰር ከክብደቱ አብዛኛውን ዳሌ ይሸከመዋል፣ ትከሻ ሚዛን ይጠብቃል እንጂ ጭነት አይችልም። መርካቶ ውስጥ ከሚታዩት ርካሽ ቦርሳዎች ብዙዎቹ ቀበቶ አላቸው፤ ግን ስፖንጅ የሌለው ጥብጣብ ብቻ ነው፣ ለመልክ የተሰፋ። እንዲህ ያለው ከ6 ኪሎ በላይ ሲጫን ዳሌ ላይ ይቆርጣል። ጥሩውን የሚለየው ቀላል ሙከራ ነው፤ ስፖንጁን በአውራና በሌባ ጣት ቆንጥጣችሁ ጨምቁት። ሁለቱ ጣቶች የተነካኩ ያህል ከቀረቡና ስፖንጁ ተመልሶ ለመነሳት ከዘገየ በ14 ኪሎ ሥር በአንድ ሰዓት ውስጥ ወረቀት ይሆናል። ጠንከር ብሎ የሚገፋ፣ ወዲያው የሚመለስ ይሁን። ቀበቶው ሲታሰር ሁለቱ የስፖንጅ ጫፎች ከፊት መነካካት የለባቸውም፤ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቅር። ከተነካኩ ከዚያ በላይ የሚጠብቅበት ቦታ የለም፤ በጉዞ ላይ ሰው ይከሳል፣ ልብስም ይቀንሳል፣ ቀበቶውም ይንሸራተታል።

ቀበቶው የሚሠራው ግን ቦርሳው ጀርባው ላይ አጥንት ካለው ነው። ከ10 ኪሎ በላይ ለሚሸከም ቦርሳ በውስጡ የአሉሚኒየም ዘንግ ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ሉህ መኖር አለበት። ያለዚያ ቦርሳው መሐሉ ላይ ይታጠፍና ክብደቱ ወደ ቀበቶው ሳይደርስ ትከሻ ላይ ይቀራል። ባዶውን ቦርሳ መሬት ላይ አቁማችሁ ከላይ በመዳፍ ተጫኑት፤ ተጣጥፎ ከወረደ አጥንት የለውም።

ባዶ ቦርሳ አንግቶ በመስታወት እያዩ መግዛት ትርጉም የለውም፤ ባዶ ሲሆን ሁሉም ይመቻል። ከሱቁ አጠገብ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ስድስት ግዙ፣ 12 ኪሎ ይሆናል፣ ውኃውም አይባክንም። ጃኬት ወይም ጋዜጣ ከሥር ጠቅጥቃችሁ ሃይላንዶቹ ከጀርባ አጠገብ መሐል ላይ እንዲቀመጡ አድርጉ። መጀመሪያ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አላሉ። ቦርሳውን አንግቱና ቀበቶውን፣ የስፖንጁ መሐል በዳሌው አጥንት ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ አጥብቁ። ቀጥሎ ማንገቻዎቹን ወደ ታችና ወደ ኋላ ሳቡ፣ ትከሻውን አቅፈው እንዲቀመጡ ብቻ እንጂ ቦርሳውን እንዲያነሱት አይደለም። ከዚያ በማንገቻው አናት ወደ ቦርሳው ጫፍ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን መሳቢያዎች በልኩ ሳቧቸው፤ ከትከሻ ወደ ላይ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ያዘነበሉ ቢሆኑ ጥሩ ነው። አግድም ከሆኑ ወይም ወደ ታች ካዘነበሉ ቦርሳው አጥሯል። የደረት ማሰሪያው በመጨረሻ ይታሰር፣ ትንፋሽ ሳይዝ። በስተመጨረሻ ማንገቻውን ትንሽ አላሉት፤ ክብደቱ ወደ ዳሌ ሲወርድ ይሰማችኋል። በትከሻና በማንገቻው መካከል ሁለት ጣት ሳይጨናነቅ መግባት አለበት።

እንዲህ አድርጋችሁ 15 ደቂቃ ቆዩ፣ የሕንፃውን ደረጃ ውጡና ውረዱ። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ጉድለት ያሳያል። በስሜን ከጨነቅ ተነስቶ የቧሂት ተራራን ትከሻ ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ የሚወርድ መንገደኛ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ቀበቶው የሚንሸራተት ቦርሳ እዚያ ጉልበት ይጨርሳል። ነጋዴው ለዚህ ሙከራ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሱቅ ይሞከር።

ሳልባጅ ተራ የሚገኙ ያገለገሉ ቦርሳዎችን አትናቁ። አስመስሎ ከተሠራ አዲስ ቦርሳ ያገለገለ ጥሩ ቦርሳ ይሻላል፤ ምርመራ ግን ይፈልጋል። ውስጡን ገልብጡና ሽፋኑን በመዳፍ ዳስሱት። የሚያጣብቅ፣ የኮመጠጠ ሽታ ያለው ወይም እንደ ፎረፎር ነጭ ነገር የሚያራግፍ ከሆነ ውኃ የሚከላከለው ሽፋን አርጅቷል፤ በቀላሉ አይታደስም፣ ጨርቁ ግን ጠንካራ ከሆነ በውስጥ ላስቲክ ሊሠራ ይችላልና ዋጋውን ቀንሳችሁ ውሰዱት። ማንገቻው ከቦርሳው አካል የሚጋጠምበትን የላይና የታች ስፌት ተመልከቱ። እዚያ ላይ በደንብ የተሠራ ቦርሳ ክሩ ተደራርቦ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ወዲህና ወዲያ የተመላለሰበት አጭር ስፌት አለው፤ ተራ አንድ መስመር ስፌት ብቻ ካለ እዚያው ይበጠሳል። በሁለት እጅ ወጥራችሁ ሳቡት፤ የመርፌው ቀዳዳዎች ሰፍተው ብርሃን የሚያሳልፉ ከሆነ መተርተር ጀምሯል። ጨርቁ ደህና ከሆነና ስፌቱ ብቻ ከተተረተረ ጎበዝ ጫማ ሰፊ በወፍራም የናይለን ክር ያድነዋል፤ በጥጥ ክር እንዳይሰፋው ንገሩት፣ ጥጥ ሲረጥብ ይበሰብሳል።

ዚፑን ከዳር እስከ ዳር አሥር ጊዜ ክፈቱት ዝጉት። ከኋላው እየተከፈተ የሚከተል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው ተንሸራታቹ ነው፤ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ጥርሱ የጎደለ ግን ሙሉ ዚፕ ይጠይቃል። ለረጅም ጉዞ አናቱ በገመድ የሚታሰርና በክዳን የሚሸፈን ቦርሳ ከሙሉ ዚፕ የሚመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ገመድ ተራራ ላይ ቢበጠስ በሌላ ገመድ ይተካል። የቀበቶውን ክሊፕ ደግሞ ጆሮ አጠገብ አድርጋችሁ ቆልፉት። ጥርት ያለ ድምፅ ማሰማት አለበት። በፀሐይ የነጣ ፕላስቲክ ብርድ ላይ ይሰበራል። ተመሳሳይ ወርድ ያለው መለዋወጫ ክሊፕ፣ ወፍራም መርፌ፣ ሁለት ሜትር የናይለን ክርና ጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያ አብራችሁ ያዙ፤ ተደምሮ መቶ ግራም አይሞላም።

ጨርቁ ላይ የሚጻፈው የዲኒየር ቁጥር የክሩን ውፍረት ይናገራል። ለታችኛው ክፍል 420 እና ከዚያ በላይ ናይለን ጥሩ ነው፤ ለጎኖቹ 210 ይበቃል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ጥራትን አይመሰክርም።

ስለ ዝናብ። «ውኃ የማያስገባ» ተብሎ የሚሸጥ ቦርሳ ጨርቁ ባያስገባም በስፌቱና በዚፑ ያስገባል። ከላይ የሚለበሰው የዝናብ ልባስ ይረዳል፣ ነገር ግን ጀርባ በኩል ክፍት ነው፤ ከአንገት የሚወርደው ውኃ በጀርባና በቦርሳው መካከል ያልፍና የልባሱ ሥር ላይ ይጠራቀማል፣ ነፋስም ይገነጥለዋል። ባሌ የሚሄድ ሰው በተለይ ያስብበት፤ እዚያ በልጉም ክረምቱም ዝናብ አለ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ በበጋም ይረጥባል። አስተማማኙ መከላከያ ውስጥ ነው። በማዳበሪያ ውስጥ የሚገባውን ወፍራም ላስቲክ በሳሙና በደንብ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቀዳዳ እንደሌለው በውኃ ሞልታችሁ ፈትሹ። ቦርሳው ውስጥ ዘርግታችሁ ዕቃውን ሁሉ በሱ ውስጥ ክተቱ፤ አፉን ጠምዝዛችሁ ወደ ታች አጥፋችሁ እሰሩት። ስሊፒንግ ባጉና የሌሊቱ ልብስ ደግሞ የራሳቸው ሁለተኛ ላስቲክ ይኑራቸው። የዝናብ ጃኬቱ ከላስቲኩ ውጭ፣ አናት ላይ ይሁን፤ በዝናብ መሐል እሱን ፍለጋ ላስቲኩን መክፈት ሁሉንም ማርጠብ ነው።

አደራደሩም እንደዚያው ምክንያት አለው። ስሊፒንግ ባጉ ከሥር፣ ውኃ፣ ምግብና ማብሰያ መሐል ላይ ጀርባን ተጠግተው፣ ልብስ በዙሪያቸው ክፍተቱን እየሞላ። ከባድ ዕቃ በውጭ ኪስ ከተደረገ ወደ ኋላ ይጎትታል። የጋዝ ወይም የናፍጣ ዕቃ ከምግብ በታች ይቀመጥ እንጂ በላይ አይሁን፣ ቢያንጠባጥብ በሶውን ያበላሻል። ከውጭ የሚንጠለጠል ኩባያና ጫማ አይኑር።

ለሴቶች ተብለው የሚሠሩ ቦርሳዎች ቀለማቸው ብቻ አይደለም የሚለየው፤ ጀርባቸው ያጠረ፣ ማንገቻቸው የተቀራረበና ደረትን የሚዞር፣ ቀበቶአቸው በዳሌ ቅርጽ ያዘነበለ ነው። ትከሻው ጠበብ ያለ ወንድም ይመቸዋል።

አዲሱን ቦርሳ ጭናችሁ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት እንጦጦ ውጡበት፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ። ቁስል የሚያወጣበት ቦታ፣ የሚላላ ማሰሪያ፣ የሚጮህ ክሊፕ እዚያ ይታወቃል፤ ለማሰፋትም ለመለወጥም ጊዜ አለ።

ከዝግጅት ክፍሉና ከጉዞ አዘጋጆች የምንጠይቀው ይህን ነው። በጥሪው ላይ «60 ሊትር ቦርሳ» ከማለት ይልቅ ጭነቱን በቅሎ ወይም ፈረስ ይወስድ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ መንገደኛ በራሱ ጀርባ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም፣ በየቀኑ ጉዞ ውኃ የሚገኝበት ቦታ ምን ያህል እንደሚራራቅ ይጻፍ። የውኃው ርቀት ከታወቀ ሰው ሁለት ሊትር ይያዝ ወይም አራት ይወስናል፣ ልዩነቱ ሁለት ኪሎ ነው። ቡድኑ ከተመዘገበ በኋላም አዘጋጁ አንድ ሜትርና አንድ የእጅ ሚዛን ይዞ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ያገናኛቸው፤ የሁሉንም ጀርባ ለመለካትና ቦርሳ ለመመዘን ለ15 ሰው ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ከሚገባው በላይ የጫነ ሰው ትርፉን ዕቃ ደባርቅ ወይም ዲንሾ ላይ ከማራገፍ ቤቱ ቢተወው ይሻለዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ